እማዬ የላከችው ቀሚስ አልገባም አለ፣ እንዴት ብዬ ልንገራት?

የሶልዬ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከአዲስ አበባ ካርቶን ደረሰን። በፖስታ አይደለም፣ በሰው ነው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ሲመጣ ይዞልን መጥቶ፣ እኛ ከካሰል ፍራንክፈርት ድረስ በባቡር ሄደን ተቀበልነው። 11 ኪሎ! ልጁ የራሱን ልብስ በእጅ ሻንጣ ጠቅጥቆ ነው ለእኛ ቦታ የለቀቀው፣ እግዜር ይስጠው።

ካርቶኑን ለመክፈት ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። እማዬ በስኮች አትሰስትም። ውስጡ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሁለት ኪሎ የሚሆን ቆሎ፣ አንዲት ብልቃጥ ኩል፣ የግድግዳ የፊደል ገበታ፣ ትንሽዬ ጋቢ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሶልዬ የሀበሻ ቀሚስ ከነነጠላው። ቀሚሱ ሲያምር! ጥበቡ አረንጓዴና ወርቅማ፣ ጫፉ ላይ ትንንሽ መስቀል ያለበት። ግን የማን ልክ እንደሆነ እንጃ። ሶልዬ 2 ዓመት ከ3 ወሯ ነው። እጆቿን አስገባሁ፣ ጭንቅላቷ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ስጎትተው ትጮሃለች፣ ሳወልቀው ደግሞ «ልልበስ!» ብላ ትጮሃለች።

እማዬ ልጄን በአካል ያየቻት አንዴ ነው፣ የ8 ወር ልጅ ሳለች ወስደናት። ከዚያ ወዲህ በስልክ ነው። በስልክ ደግሞ የሚታየው ፊት ብቻ ነው፣ እሱም ግማሹ ግንባር ነው። ቀሚሱን ሳየው ገባኝ፣ ልኩን ያመጣችው ያኔ ካቀፈቻት ነው።

የበርበሬው ላስቲክ ደግሞ በአንድ ጥጉ ተቀዶ ጋቢው ላይ ፈስሷል። እኔ ቀሚሱን ሳገላብጥ ሶልዬ ጋቢውን ተጎናጽፋ፣ በዚያው እጇ ዓይኗን አሸች። ከዚያ በኋላ ያለውን መገመት ነው። የታችኛው ቤት ጎረቤታችን ደወሉ።

እንግዲህ ጥያቄዬ። እማዬ «ለገና ለብሳ ፎቶ ላኪልኝ» ብላኛለች። አልገባም ልበላት ወይስ ከጀርባ ተርትሬ ከፊት ላንሳት? ቆሎውንም «ለልጅቷ ነው የላክሁት፣ አንቺ እንዳትጨርሺባት» ብላለች። ለሁለት ዓመት ልጅ ቆሎ!

ቡና ያለ ዕጣን
ተርትሪው እህቴ። እኔ ልጄን ሦስት ዓመት ሙሉ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ይዤ ነው ያነሳኋት። ከፊት ስትታይ ሙሽራ ናት፣ ከኋላ ዳይፐሯ ይታያል። እናቴ ፎቶውን አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ እስከ ዛሬ አታውቅም።

እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቀሚሱም ሳይቀር ከቤቴ አሥር ደቂቃ ላይ ይሸጣል። ያም ሆኖ ከእናቴ ካርቶን ይመጣል፣ አንድ ጊዜማ እዚህ በቆሎ የሌለ ይመስል የበቆሎ ዱቄት ልካልኛለች። መሳቅ ነው።

አባወራው
እኔ እውነቱን ልናገር፣ ስድብ እንዳታወርዱብኝ። ለምን አታስቆሟቸውም? እናቶቻችን ከጡረታቸው ቆጥበው፣ መንገደኛ ለምነው፣ በርበሬ አስፈጭተው ይልካሉ። እኛ ደግሞ ቆሎው አይሆንም፣ ቀሚሱ አይገባም እያልን እዚህ እንጽፋለን። እኔ እናቴን «ምንም አትላኪ፣ ያለውን ራስሽ ብይው» አልኳት። አለቀ።

ቡና ያለ ዕጣን
አለቀ? እሷስ ምን አለችህ?

አባወራው
ለሁለት ሳምንት ስልክ አላነሳችም።

እማማ ከጉለሌ
ልጆቼ፣ ይኼን የምታነብልኝና የምትጽፍልኝ የወንድሜ ልጅ ናት። እኔ ላኪ ነኝ። አንዷ ልጄ ካልጋሪ ናት፣ አንዱ ዱባይ ነው። አራት የልጅ ልጅ አለኝ፣ ያቀፍኩት ሁለቱን ነው።

እዚያ ሁሉ ነገር እንዳለ እናውቃለን፣ ሞኝ አይደለንም። ግን ስልኩን ለልጁ ያቀርቡለትና «አያትህን ሰላም በላት» ይሉታል። አፉን ሞልቶ እየበላ ያየኛል፣ ከዚያ ይሄዳል። ምን ልሁነው? ሹራብ ስልክለት ግን አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ይለብሰዋል እላለሁ።

የካልጋሪዋ ልጄ የምልከውን ሁሉ «ይወደዋል፣ ከላዩ አይወርድም» ትለኝ ነበር። ኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ መሳቢያ ብከፍት ሁሉም እንደታጠፈ፣ እንደ አዲስነቱ አገኘሁት። ልብሱ ሳይሆን «ይወደዋል» ያለችው ነገር ነው የቆጨኝ። ባውቅ ኖሮ ትልቅ አድርጌ አሠራው አልነበር? አንቺ እናትሽን አትደብቂያት። እና አባወራው የተባልከው ልጅ፣ ደውልላት።

የሶልዬ እናት
እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔም መደበቁ ሆዴን እየበላኝ ነው የጻፍኩት። እንደ እርስዎ አባባል ከሆነ ልንገራት ነው። ግን «እኔኮ ለክቼ ነው የገዛሁት» እንደምትለኝ ከአሁኑ ይሰማኛል።

ነርሷ
ለንደን በሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፣ ለዚያም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ስለ ዓይኗ። በርበሬ ሲገባ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው፣ ወተትም ቅቤም አያስፈልግም። እጇንም በሳሙና ታጠቢያታለሽ፣ አለዚያ መልሳ ታሸዋለች። መቅላቱ ካልለቀቀ ሐኪም ይያት።

ቆሎው ግን የምር ነው። የሁለት ዓመት ልጅ የኋላ ጥርሶቿ ገና ናቸው፣ ደግሞም እየሮጠች፣ እየሳቀች ነው የምትበላው። ገብስም ሽንብራም ለውዝም ትንሽ፣ ጠንካራና ክብ ነገር ነው፣ ትንታ ያመጣል፣ ሲብስም የአየር መተላለፊያውን ይዘጋል። ፈንዲሻም ያው ነው። አሜሪካኖቹ እስከ 4 ዓመት አትስጡ ይላሉ፣ እዚህ እንግሊዝ ያልተፈጨ ለውዝ እስከ 5 ዓመት ነው የሚከለከለው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቆሎውን ፍጪው። በሶ ማለት ያው የተፈጨ ገብስ ቆሎ አይደል? በውሃ አቅጥነሽ ስጫት። ለእናትሽም ሳትዋሺ «ቆሎሽን በላች» ትያታለሽ።

ኩሉ ደግሞ ይቅር። ብዙ ባህላዊ ኩል እርሳስ አለበት፣ ማለቴ የሚጽፈው እርሳስ ሳይሆን ብረቱ። ልጅ ዓይኗን አሽታ ጣቷን ትጠባለች፣ እርሳሱ በዚያ ይገባል፣ የልጅ አእምሮን ይጎዳል። አሜሪካማ መሸጡም አይፈቀድም። ብልቃጧን ለማስታወሻ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጫት።

ማር የሚላክላችሁም ካላችሁ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጣት ጫፍም አይቀመስም። ለሶልዬ ግን አልፏል፣ ትብላ።

መንገደኛው
ማንም ስለማይጠይቀኝ ልናገር፣ እኔ ያ ካርቶን ተሸካሚ ነኝ። በዓመት ሁለቴ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሰው ሁሉ ይህን በቃሉ ያውቃል፣ የእኔ ልብስም ኪሎ እንዳለው ግን አያውቅም።

«ትንሽ ዕቃ ናት» ይሉሃል። ትንሽ ዕቃ ማለት አራት ኪሎ ነው። ከመሄዴ በፊት በነበረው ማታ አንዲት የእናቴ ጓደኛ በጨርቅ ተሰፍቶ የተዘጋ ጥቅል ይዘው መጡ። ካልተፈታ አልይዝም አልኳቸው። ተቀየሙኝ። «እኔን ሌባ አደረግኸኝ» አሉ። ፈታሁት፣ ሽሮ ነው። ሽሮ መሆኑን እኔም ገምቻለሁ። ግን አየር ማረፊያ «ሻንጣህን ራስህ ነህ ያሸግኸው?» ሲሉኝ አዎ የምለው እኔ ነኝ፣ ሌላ ነገር ቢገኝበት የምታሠረው እኔ ነኝ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ለእናቶቻችሁ ንገሩልኝ፣ ክፍት አድርገው ይስጡን፣ ስኮቹን እኛው እንለጥፈዋለን።

በርበሬ ደግሞ በአንድ ላስቲክ አይላክም! ሁለት ላስቲክ፣ ከዚያ ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከልብስ የራቀ።

ዞል የለመደው
ከሐምቡርግ። የጀርመንን ጉምሩክ እኛ ዞል ነው የምንለው፣ እና ዞል ቤት ብዙ ቁጭ ያልኩ ሰው ነኝ።

ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣም በፖስታም አይገባም። ስለዚህ ቋንጣ የለም፣ ንጥር ቅቤ የለም፣ አይብ የለም። ጭኮም ቅቤ ስላለው ያው ነው። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይቻላል። የደረቀ ቅመም፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ እኔ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። በአውሮፕላን ስትመጡ የስጦታው ሁሉ ዋጋ ለአንድ ሰው እስከ 430 ዩሮ ያለ ቀረጥ ያልፋል፣ ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ 175 ዩሮ። በፖስታ ከሆነ ግን ስጦታ ተብሎ የሚያልፈው 45 ዩሮ ብቻ ነው፣ ቡና ደግሞ በዚያ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ መብለጥ የለበትም፣ ጀርመን የቡና ግብር የሚባል ነገር አላት፣ ለቡና አገር ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። አባቴ 3 ኪሎ ቡና ልኮልኝ ዞል ቤት ሄጄ ስከፍል፣ «ለቡና ምን ብለህ ነው የምትከፍለው፣ ሰው አሳጣኸኝ» አለኝ።

የቅቤው ዘዴ ይኸው። ቅቤውን እዚሁ ገዝታችሁ አንጥሩ፣ ጨው የሌለበትን። እናቶቻችሁ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽና በሶብላ ብቻ ይላኩ። ሽታው አንድ ነው፣ ጎረቤትም እኩል ይደውላል።

ቡና ያለ ዕጣን
አሜሪካም ቋንጣ አይገባም፣ ለሚጠይቅ። ምግብ ይዘሽ ከሆነ ግን በሙሉ ተናገሪ። ከተናገርሽ የማይፈቀደውን ወስደው ይለቁሻል፣ ከደበቅሽ ነው ቅጣቱ። አክስቴ ቋንጣውን ጡት መያዣዋ ውስጥ... ተዉት፣ ረጅም ታሪክ ነው፣ ውሻም አለበት።

የሶልዬ እናት
ቆሎውን ፈጨሁት፣ ነርሷ ተባረኪ። በሶውን ጠጥታ ጢም አወጣች።

የፊደል ገበታውን ደግሞ በቁመቷ ልክ ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩላት። 231 ፊደል ተደርድሮ ከ«ሀ» ትጀምራለች ስል፣ ከ«ፐ» በኩል ጀመረች፣ ጥጉን በልታዋለች። በአፏ ግን የምትለው ነገር እየጨመረ ነው። የሚገርማችሁ አያቷን «አያዬ» ትላለች፣ ስልኩንም «አያዬ» ትላለች። ባለቤቴ ለሥራ ጉዳይ ሲያወራ ስልኩን ነጥቃ ትስመዋለች። ካርቶኑ የመጣ ቀን «የአያዬ ነው» ስላት እውስጡ ገብታ ስትፈልጋት ነበር፣ ከዚያ ቀሚሱንም ሁሉንም ትታ ካርቶኑን ቤቷ አደረገችው። እስካሁን መጣል አልቻልንም።

እማዬ ደግሞ የሰሞኑ ጭንቀቷ ሌላ ነው። እዚህ መዋዕለ ሕፃናትን ኪታ ነው የሚሉት። «ሶልዬን ኪታ አስገባናት» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ቂጣ? ልጄን ቂጣ ቤት? ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ እሳት ቢፈጃትስ?»

አባወራው
😂😂 ደወልኩላት በነገራችን ላይ። ዳቦ ቆሎ እየላከች ነው።

ልብስ ሰፊዋ
ዘግይቼ ነው ያየሁት። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እንሠራለን፣ ግማሹ ደንበኛችን ውጭ ላለ ልጅ የሚያሠራ አያት ነው። ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፣ ዕድሜ ይነግሩናል። «የሁለት ዓመት ልጅ» ይላሉ። የሁለት ዓመት ልጅ እንደ እናቱም እንደ አባቱም ነው!

አንቺ ጀርመን ስላለሽ ይቀልልሻል፣ እዚያ የልጅ ልብስ ላይ 86፣ 92፣ 98 የሚለው ቁጥር የልጁ ቁመት ነው በሳንቲ ሜትር። የሚሆናትን አንብበሽ መንገር ትችያለሽ። ግን ቁጥር በስልክ ሲሄድ እናቶች ጋ ይጠፋል፣ 92 ያልሽው እኛ ጋ ሲደርስ 72 ይሆናል። እኔ የምመክረው ክር ነው። ወፈር ያለ፣ የማይለጠጥ ክር ያዢ። ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለክተሽ ቁረጪ። ደረቷን ዞረሽ ሌላ ቁረጪ። ሦስተኛው ዋናው ነው፣ ጭንቅላቷን ዞረሽ ለኪ። በዚህ ዕድሜ ጭንቅላታቸው ወደ ደረታቸው ይጠጋል፣ የአንገቱን መግቢያ እንደ ትልቅ ሰው ከሠራነው አይገባም። ትከሻው ላይ ሁለት ቁልፍ እናደርጋለን፣ ያኔ እንኳን ጭንቅላቷ ካርቶኑም ይገባል። እያንዳንዱን ክር የተለየ ቀለም አድርጊው፣ እንዳይምታታ። የተላከው ቀሚስ ደግሞ አይጣልም፣ በጎንና በትከሻ ፈትታችሁ ጨርቅ ይጨመርበታል፣ መልሰሽ ላኪው።

እማማ ከጉለሌ
ድሮም እኛ በክር ነበር። ይኸው አሁን ተመለሰ።

መንገደኛው
ክር እኔ እይዛለሁ። ክር በደስታ!

የሶልዬ እናት
ስለጠፋሁ ይቅርታ፣ ሦስታችንም በየተራ ጉንፋን ይዞን ነበር። ኪታ የገባ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ለእማዬ ነገርኳት። አፌ ስላልታዘዘልኝ ቀሚሱ ጭንቅላቷ ላይ ቀጥ ብሎ ስታለቅስ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ነው የላክሁላት። ትቀየማለች ስል በሳቅ ፈረሰች። «ጭንቅላቷ የአባቷ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለች። ባለቤቴ አጠገቤ ነበር፣ ሰምቷል። ለገና ጋቢውን ለብሳ ተነሳች፣ አራት ጊዜ ታጥቦ አሁንም ብርቱካንማ ነው።

ክሩን መለካት ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ነቅታ አልቆም አለች፣ እያንዳንዱን ክር እየነጠቀች «ስፓጌቲ» ትላለች። ተኝታ ለካኋት። ቀዩ ቁመቷ፣ ሰማያዊው ደረቷ፣ ነጩ ጭንቅላቷ። ጭንቅላቷ 48 ሳንቲ ሜትር ሆነ፣ ደረቷ 49። ልብስ ሰፊዋ እውነትሽን ነው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ለጥምቀት ሲመለስ ሦስቱን በፖስታ ከረጢት አድርጎ በኪሱ ይዞ ሄደ፣ ጠባቡንም ቀሚስ ጨምረንለት።

ባለፈው ሳምንት በሌላ ሰው መጣልን። ሁለቱም። ጠባቡ በጎን ጨርቅ ተጨምሮበት ገጥሟታል፣ አንገቱም በቁልፍ ነው። አዲሱ ግን ከእግሯ አልፎ አንድ ስንዝር መሬት ይጎትታል። «እማዬ፣ ክሩ ደርሶሽ የለም እንዴ?» አልኳት። «ደርሶኛል። ልጅ ያድጋል ብዬ ጨመርኩበት፣ አንቺ የምትልኪልኝ የዛሬውን ነው።»

ክሮቹን መልሺልኝ፣ በቀጣዩም እንለካበታለን ብላት እንቢ አለች። ለካ ቀዩን በሩ ላይ በሚስማር ሰቅላዋለች። ትናንት ስደውል የጎረቤቷን የሦስት ዓመት ልጅ ክሩ ሥር አቁማ እየለካች ነበር። «አየሽ፣ ሶልዬ ትበልጠዋለች» ትለኛለች። ልጁ እየተቁለጨለጨ ያየኛል።

ቡና ያለ ዕጣን
አትበልጠውም ብለሽ እንዳትነግሪያት። የሚጎተተውን ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ እጠፊና ስፊው፣ አትቁረጪው። መርፌ ቁልፍ ካጣሽ እኔ ጋ ሞልቷል።